የወጋቴ ቤት አልነሣ ያለበት ቀን

ተረት ተረት።

«የላም በረት» ልትሉኝ አፋችሁን አሰናድታችኋል። ቆዩኝ ልጆቼ። የዛሬው ተረት ላምም የለበት፣ በረትም የለበት። የዛሬውን ስጠራችሁ፣ የቀርከሃ ቤት ብላችሁ መልሱልኝ። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት።

የቀርከሃ ቤት።

እሰይ። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከሁለቱ ሐይቆች በላይ፣ ጉም ጠዋት መጥቶ እስከ ማታ በሚቀመጥበት ደጋ፣ አንድ መንደር ነበረ። የዚያ መንደር ሰው ቤቱን የሚሠራው እንደ ቅርጫት ነው። ቀርከሃውን ይሰነጥቅና ከታች ወደ ላይ እየጎነጎነ ያወጣዋል። ከዚያም ከቀርከሃ በተገፈፈ ሽፋንና በኮባ ቅጠል ያለብሰዋል። ከፊት ለፊቱ እንደ አፍንጫ ወጣ ያለ በር ያበጅለታል። ከሩቅ ሲያዩት የተቀመጠ ዝሆን ነው የሚመስለው። የአገሩ ሽማግሌዎች፣ ድሮ ድሮ በዚህ ደጋ ዝሆን ነበረ ይላሉ። ዝሆኖቹ ወደ ቆላ ሲወርዱ ጥላቸው ጉሙ ውስጥ ቀረ፣ አባቶቻችንም ጥላውን እያዩ ቤት ሠሩ ይላሉ። እንጃ። እኔ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

አዲስ ቤት ረጅም ነው። ግን ምስጥ አለ። ምስጡ ከሥር ከሥሩ ይበላዋል። የተበላውን ባለቤቱ እየዞረ ይቆርጠዋል። ቤቱም በየክረምቱ ዝቅ ይላል፣ ሰው ሲያረጅ እንደሚያጥር። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ደግሞ ወንዶች ተሰብስበው ይገቡና ቤቱን ከውስጥ ሆነው ያነሡታል። ተሸክመውትም ይሄዳሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው፣ ቤቱ ብዙ እግር አውጥቶ የሚራመድ ይመስለዋል።

በዚያ መንደር ወጋቴ የምትባል ሴት ነበረች። ወጋቴ የመጣችው ከቆላ ነው። አባቷ ነጋዴ ነበረ። የእናቷ ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በዕቃ የተሸፈነ ነበረ። ወጋቴ ስትዳር እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ ባዶ ቤት ሴትን ያስንቃል ብላ ነገረቻት። ወጋቴም ይህን ነገር እንደ ጥሪት ይዛው ወጣች።

ያገባት ሶርሳ የሚባል ሸማኔ ነው። ሶርሳ እጁ ፈጣን፣ ንግግሩ ግን ዝግ ያለ ሰው ነበረ። መንደሩ ተሰብስቦ አዲስ ቤት ጎነጎነላቸው። በዚያ መንደር ከእሱ የሚረዝም ቤት አልነበረም። ወጋቴ በመጀመሪያው ምሽት ሰሌኑ ላይ ጋደም ብላ ሽቅብ አየች። ጣሪያው ጨለማ ውስጥ ገብቶ መጨረሻው አይታይም። ነፋሱ በጉንጉኑ ቀዳዳ ይገባና ይወጣል። ቤቱ ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይረግባል። ወጋቴ ፈራች። ሶርሳን ነቅነቅ አድርጋ፣ ቤቱ ይተነፍሳል አለችው። እሱም በእንቅልፍ ልቡ፣ አዎ፣ የሁሉም ሰው ቤት ይተነፍሳል አላትና ተኛ።

እሷ ግን አልተኛችም። ያንን ባዶ ነገር እያየች፣ ይህን ቤት መሙላት አለብኝ አለች።

ከዚያም ሞላችው። ሶርሳ ሸማውን ሠርቶ ወደ ቆላ ገበያ ይወርዳል። ሲመለስ እሷን ደስ ይበላት ብሎ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ማሰሮ ነው። አንድ ጊዜ ወንፊት ነው። አንድ ጊዜ የሚቀመጡበት ዱካ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ሰው ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ ትልቅ ጋን ነው። መሬቱ ሲሞላ ወጋቴ ቆጥ ሠራች። ሶርሳ ቀርከሃ ቆርጦ ያመጣላታል፣ እሷ እግሩን መሬት ውስጥ ጠለቅ አድርጋ ትተክላለች፣ ጫፉን ከግድግዳው ጋር በልጥ ታስራለች። ቋጠሮውን ያስተማራት አባቷ ነው፣ በቅሎ ሲጭን። እሷ ያሰረችውን ሌላ ሰው አይፈታውም።

ቀርከሃው ይቆረጥ የነበረው ከመንደሩ በላይ ካለው ተዳፋት ነው። ጎረቤቶቹም የወጋቴን ቆጥ አዩና ማረካቸው፣ እነሱም ቀርከሃ እየቆረጡ አጥር አበዙ። ተዳፋቱ ሳሳ። ኮይሻ የሚባል የመንደሩ ሽማግሌ አንድ ቀን ሶርሳን መንገድ ላይ አገኘውና፣ ያ ቀርከሃ መሬቱን በጥርሱ ነክሶ የያዘ ነው፣ ተዉት አለው። ሶርሳ እሺ አለ። ሆኖም ወጋቴ አንድ ቆጥ ብቻ ቀርቶኛል ስትለው እንደገና ቆረጠ።

ቤቱ ሞላ። መተንፈሱንም ተወ። ነፋሱ በየት ይግባ? ጭሱም መውጫ አጣና ጣሪያው ሥር ተኝቶ ዋለ። ሶርሳ በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እየሠራ ያስላል። ከዕቃው ጀርባ ምስጡ እንደ ልቡ ሆነ፣ ደርሶ የሚቆርጠው የለማ። ወጋቴ ግን ዝምታውን ወደደችው። እንቅልፍም ወሰዳት።

አንድ ነገር ብቻ አለ፣ ልጆቼ። ጎረቤት ዕቃ ሊዋስ ይመጣል። ማሬ የምትባል ጎረቤት፣ ልጇን ስትድር፣ ወንፊት ልዋስ ብላ መጣች። ወጋቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ወንፊቴ ተቀዷል አለቻት። ሌላዋ ጋን ስትጠይቃት፣ ተሰንጥቋል አለቻት። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። አንድ ነገር ከግድግዳው ሲጎድል፣ ያ ጨለማ ጣሪያ ተመልሶ የሚመጣ ስለሚመስላት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ውስጥ እንዲገባ አልወደደችም። እንግዳ ሲመጣ ከደጅ ላይ ታስቀምጠዋለች።

የሶርሳ አክስት ዳልጊቴ እዚያው መንደር ትኖር ነበረ። የእሷ ቤት በዕድሜ የመንደሩ ሁሉ ታላቅ ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም አጭር ነው። ምስጡ በልቶ በልቶ እንደ ተደፋ ቅል አድርጎታል። ወጋቴ አንድ ቀን ቆጮ ልታደርስላት ሄደችና ጎንበስ ብላ ገባች። አንድ ሰሌን፣ አንድ ማሰሮ፣ አንድ ጣባ፣ አንድ ጀንዲ። ሌላ የለም። ነፋሱ በጉንጉኑ እየገባ የአሮጊቷን ነጠላ ጫፍ ያነሣል፣ ያስቀምጣል።  እማማ፣ ሶርሳ ከገበያ የሆነ ነገር ያምጣልዎት አለቻት። ዳልጊቴ ሳቀች።

፦ የት አስቀምጠዋለሁ ልጄ? ቤቴ በየዓመቱ ዝቅ ሲል እኔም አንድ አንድ ነገር ለሰው እየሰጠሁ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ቤቱ እየቸኮለ መስሎኝ አዝን ነበረ። አሁን እኩል ነን።

ወጋቴ ይህ የድኻ ሰው መጽናኛ ነው ብላ በልቧ አሰበች። ወደ ቤቷም ሄደች።

ከዚያም አንድ ክረምት ዝናቡ ገባና አልወጣም አለ። ከተዳፋቱ ሥር ያለው ምንጭ ውኃው ቀላ። ኮይሻ ዱላውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ቀርከሃው በተቆረጠበት ቦታ መሬቱ አፉን ከፍቶ አገኘው። ዱላውን ወደ ስንጥቁ ቢሰድድ ታቹ ጠፋው። ተመልሶም መንደሩን ሰበሰበና፣ ተራራው ሊወርድ ነው፣ ዛሬ ሳይመሽ ቤቶቻችንን ወደ ማዶው ጉብታ እናውጣ አላቸው። ማንም አልተከራከረም።

ሥራው ተጀመረ። መጀመሪያ ዕቃው ይወጣል። የሰዉ ዕቃ ጥቂት ነው፣ ሴቶቹ በራሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ከዚያም ወንዶቹ ይገባሉ። አንዱ ያቀነቅናል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፣ ቤቱም ሲጥ ሲጥ ይልና ይነሣል። ጉሙ ከባድ ነበረ። ከወገብ በታች ምንም አይታይም። ወጋቴ ደጇ ላይ ቆማ ስታይ፣ ጣሪያዎቹ በጉሙ ላይ እየዋኙ አንዱ ከአንዱ ኋላ ዳገቱን ይወጣሉ። የሽማግሌዎቹ ወሬ እውነት ሆኖ ታያት። ዝሆኖቹ ከቆላ ተመልሰው በፊቷ የሚያልፉ መሰላት። ድምፃቸው እንኳ አይሰማም። ረጋ ብለው ነው የሚሄዱት።

ከዚያ የዳልጊቴ ቤት መጣ። እሱን ያነሡት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ያውም እየሳቁ። አሮጊቷ ግን አልወጣችም። ማሰሮዋን በራሷ ላይ አድርጋ፣ እሳቷን በገል ይዛ፣ እዚያው ቤቷ ውስጥ ከሰዎቹ ጋር እየተራመደች ትሄዳለች። ጭሱ እንደ ወትሮው በጣሪያው ይወጣል። ትንሿ ቤት እያጨሰች በወጋቴ ደጅ አለፈች። ጉሙም ዋጣት። ወጋቴ ጭሱን በዓይኗ ስትከተል ቆየች።

የእሷ ተራ መጨረሻ ነበረ። ሶርሳ መጥቶ ዕቃውን እናውጣ አላት። ወጋቴ ወደ ውስጥ አየች። ያ ሁሉ ማሰሮ፣ ያ ሁሉ ወንፊት። የምታወጣውን ሁሉ ሴቶቹ ሊያዩት ነው። አፈረች። እንዳለ አንሡት አለች።

ወንዶቹ በጋንና በማሰሮ መካከል እየተሽሎከለኩ ገቡ። አቀነቀኑ። ቤቱ ጮኸ እንጂ አልተነሣም። እንደገና ሞከሩ። አንድ እንስራ ወድቆ ተሰበረ። ቤቱ አሁንም አልነሣ አለ። ኮይሻ ላቡን እየጠረገ ወጣ።

፦ ልጄ፣ ቤትሽ መሬት ውስጥ ሥር ሰድዷል። የቆጡ እግር ሁሉ ይዞታል።

ሴቶቹ ከጉብታው ወርደው ነበርና፣ ዕቃውን እየተቀባበልን እናውጣላት አሉ። ኮይሻ ወደ ተዳፋቱ ዞረ። ጉሙ ውስጥ አንድ ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል፣ ቆየት ብሎ ሌላ። ለሁለቱም ጊዜ የለንም፣ ወይ ቤቱን ወይ ዕቃውን ነው አለ።

 ወጋቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ከዕቃዬ ጋር እቆያለሁ አለች። ሶርሳ መጣና ደጁ ላይ ተቀመጠ። ወንዶቹም አልሄዱም። የአገሩ ሕግ ነውና፣ ሰው ያለበትን ቤት ትቶ የሚወጣ የለም። አንዱ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ሌላው ተከትሎት ተቀመጠ። የማሬም ባል ከእነሱ ጋር ተቀመጠ። ነጠላውን ተከናንቦ ዝናቡን ይታገሣል።

ወጋቴ ይቆጡኛል ብላ ጠብቃ ነበረ። ቢቆጧት እሷም ትቆጣ ነበረ፣ ይቀላትም ነበረ። ግን ማንም አልተቆጣም። ጭቃ የያዘው እግራቸው በተርታ ይታያታል። ሶርሳ ያስላል። ጉሙ ውስጥ ድንጋይ ይንከባለላል። እኒህ ሰዎች ከማሰሮዬ ጋር ሊሞቱልኝ ነው አለች በልቧ። 

፦ ሶርሳ፣ ቢላዋህን ስጠኝ።

፦ ምን ልታደርጊ?

፦ ቋጠሮው የእኔ ነው። ሌላ ሰው አያውቀውም።

ገባች። ከበሩ ጎን ካለው ቆጥ ጀመረች። ልጡን ቆረጠችው። ቆጡ ዘመም አለ፣ ያለውንም ሁሉ አፈሰሰው። ወጋቴ ዓይኗን ጨፈነች። ድምፁ እንዳለቀ ወደሚቀጥለው ሄደች። ማሰሮ ይወድቃል፣ ቅል ይንከባለላል፣ ሰፌድ እንደ ቅጠል ይረግፋል። አንዳንዱን ገና ስታስረው ምን እንዳሰበች ታስታውሳለች። ይህ ለልጆቼ ይሆናል ያለችው አለ። ይህ እናቴ ስትመጣ ትየው ያለችውም አለ። ሁሉንም ቆረጠችው። ወንዶቹ ከኋላዋ የቆጡን እግር እየነቀሉ ተከተሏት። የመጨረሻው ልጥ ሲበጠስ ቤቱ ብቻውን ነቅነቅ አለ። ማንም ሳይነካው።

አንሡት አለ ኮይሻ። ተነሣም። ከሌሎቹ ሁሉ ቀለል ብሎ ተነሣ ይላሉ፣ ምስጡ ከሥሩ ብዙ በልቶት ነበርና። የኋላ ግድግዳው ሲያልፍ ያገኘውን እያንከባለለ አለፈ። ቤቱ ጉሙ ውስጥ ገባ። ወጋቴ ደግሞ ቤቷ በነበረበት ክብ መሬት መካከል ብቻዋን ቆማ ቀረች። ዙሪያዋን ዕቃዋ ዝናብ እየመታው ተዘርግቷል። ሴቶቹ በዙሪያው ቆመው ያያሉ። ሁሉንም አዩት። የደህናውን ወንፊት ክምር አዩት። ያልተሰነጠቀውን ጋን አዩት። ወጋቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ማሬ ጎንበስ ብላ አንድ ወንፊት አነሣች። በብብቷ አደረገችውና ዳገቱን ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ወጋቴ ባዶ እጇን ከኋላቸው ሄደች።

ጉብታው ላይ ገና ሳትደርስ ተራራው ወረደ። እንደ ነጎድጓድ አይደለም ይላሉ። ትልቅ እንስሳ ተኝቶ ሲገላበጥ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነበረ። ከዚያም ጸጥ አለ። ጉሙ ገለጥ ሲል ታች መንደር የለም። ቀይ አፈር ብቻ። ሰው ሁሉ በአጠገቡ ያለውን ሰው ነካ ነካ አደረገ። ሁሉም አሉ።

በዚያ ምሽት ወጋቴና ሶርሳ ባዶ ቤታቸው ውስጥ ገቡ። ሰሌንም የላቸው፣ ሳር ላይ ተኙ። ወጋቴ ሽቅብ አየች። ጣሪያው በምስጥ ምክንያት ትንሽ ቀርቧል። ነፋሱ በጉንጉኑ ገባ። ቤቱ ቀስ ብሎ ተነፋ፣ ቀስ ብሎ ረገበ። ሶርሳ ሳያስል ተኛ። ወጋቴ ግን አለቀሰች። ለማሰሮዎቹም አለቀሰች፣ አልዋሻችሁም። እያለቀሰች ትንፋሿ ከቤቱ ትንፋሽ ጋር ሄደ፣ እንቅልፍም መጣ።

ሲነጋ ራባቸው። ማብሰያ የለም። ወጋቴ በሕይወቷ ዕቃ ተውሳ አታውቅም። ወደ ዳልጊቴ ቤት ሄደችና ደጁ ላይ ቆመች።  ዳልጊቴ ከውስጥ አየቻት። ማሰሮዋ እሳት ላይ ነበረ፣ ጎመን በስሎበታል። አሮጊቷ ዘርጋ አድርጋ ኮባ አነጠፈች። ጎመኑን ኮባው ላይ ገለበጠችው። ማሰሮውን በጨርቅ ይዛ፣ ገና እየተነነ፣ ለወጋቴ ሰጠቻት።

፦ ለእርስዎስ? አለች ወጋቴ።

፦ እኔማ ቁርሴ ይኸው። ማታ ትመልሽልኛለሽ።

ወጋቴ ማሰሮውን ታቅፋ ስትመለስ ሙቀቱ ደረቷ ላይ ገባ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማሬ መጣች። ወንፊቱን ይዛለች። በሩ ላይ አልቆመችም፣ ገባች። ዙሪያውን አየች፣ ምንም የለም። ወንፊቱን ወጋቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

፦ አንዱ አልተቀደደም ነበረ፣ አለች።

ወጋቴ አንገቷን ደፋች። ማሬ ከጎኗ ተቀመጠች።  ከዚያ ማሬ ሳቀች። ወጋቴም ሳታስበው ሳቀች። ያ ወንፊት ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ሲዞር ኖረ። ማሰሮውም እንዲሁ። የማን እንደሆነ የሚጠይቅ እስኪጠፋ ድረስ።

ክረምቱ ሲያልፍ ወጋቴ ሶርሳን ይዛ ከጉብታው ማዶ የቀርከሃ ግንድ ከነሥሩ ቆፍራ አመጣች። ቀዩ አፈር ላይ ተከለችው። ሰዎችም እየመጡ አብረዋት ተከሉ። ቀርከሃ ሲተከል አይቸኩልም። ብዙ ጊዜ የሞተ ይመስላል። እሷ ግን ትመላለሳለች። አንድ ክረምት ከዝናብ በኋላ ብትሄድ፣ አፈሩን ሰንጥቆ የሕፃን ጣት የመሰለ ነገር ወጥቶ አገኘች። ቁጭ ብላ ስታየው ዋለች። ከዓመታት በኋላ ምንጩ ጠራ።

ልጆች ወለደች። ሶርሳ እግዜር ዕድሜ ሰጥቶት፣ ሸማውን እየሠራ አርጅቶ ሞተ። ምስጡ ይበላል፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ቤቱ ዝቅ ይላል። ወጋቴም ዝቅ አለች። መጨረሻ ላይ ቤቱ የሚገባው በእጅና በጉልበት ሆነ። ልጆቿ አዲስ እንጎንጉንልሽ ሲሏት፣ ይህኛው ለእኔ ይበቃኛል፣ ለእናንተ ጎንጉኑ አለቻቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ጉም በመንደሩ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ወጋቴ አረፈች። ቤቱም ያን ክረምት ሙሉውን አፈር ሆነ። ማንም አላፈረሰው፣ ማንም አላቃጠለው። ልጆቿ በቦታው እንሰት ተከሉ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ከቆላ የመጣች አንዲት ሙሽራ፣ የወጋቴ ቤት የቱ ጋ ነበረ ብላ ጠየቀች አሉ። አንዱ እዚህ ነበረ አላት። ሌላው የለም፣ እዚያ ነው አላት። ሦስተኛው ደግሞ ወዲያ ማዶ አሳያት። ሙሽራዋ ሁሉንም ቦታ ዞራ አየች። ሁሉም ቦታ እንሰት ቆሟል፣ ቅጠሉ በነፋስ ቀስ እያለ ይነሣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በትኩስ ቆጮ አብሱ። ቆጮውን ያመጣ፣ ጎመኑን አይርሳ።